የሐጂ ዩሱፍ ዉዱእ

በወታደርነቴ ብዙ ኮረብታ ወጥቼ ወርጃለሁ። ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳ ንገረን ሲሉኝ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ድሬዳዋ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አንሶላ ለብሶ ያየሁት ኮረብታ ነው፤ የሐጂ ዩሱፍ ሆድ።

በክፍሉ አራት ሕመምተኞች ነበርን። እኔ ከባጃጅ ወድቄ ጎድኔ ተሰብሯል። ጎረቤቴ ሐጂ፣ የመጋላ ገበያው ጨርቅ ነጋዴ፣ አንጀታቸው ታጥፎ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። አዛዣችን ነርስ ደረጀ ነበር። ጠዋት ጠዋት የእጄን አንጓ ይይዛል፤ ዓይኑ ግን ደረቴ ላይ ነው። የሚቆጥረው ትንፋሼን መሆኑ የገባኝ ቀን፣ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ሰው ደረቴን ነፍቼ መተንፈስ ጀመርኩ። ሳቀና ወሬ አስጀምሮኝ፣ ስረሳው እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ትራስ አሳቅፎ በረጅሙ አስተነፈሰኝ፣ አሳለኝም። ያማል። ትእዛዝ ነውና ፈጸምኩ።

የሐጂ ነገር ግን አሳሳቢ ነበር። ሆዳቸው ተነፍቷል። እስከ ከሰዓት አየር ካልወጣ ዳግም እንደሚከፈቱ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ደረጀ ማዳመጫውን ሆዳቸው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። አንጀታቸው መንቀሳቀሱን ነገረን፤ አየር ወጥቶ እንደሆነም ጠየቃቸው። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አልወጣም አሉ። ፈራሁላቸው።

ቀትር ላይ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ዙህር ሰገዱ። አልታጠቡም። ልጃቸው አጥቧቸው ወደ ሱቅ የሄደው ጎህ ሲቀድ ነው። አብረውኝ የዘመቱ ሙስሊም ጓዶቼ፣ አየር ካመለጣቸው መታጠባቸው ፈረሰ ብለው ለሶላት እንደገና ዉዱእ ያደርጉ ነበር። ነገሩ ገባኝ። ደረጀን ጠርቼ በጆሮው ነገርኩት።

ወዲያው ውኃና ሳፋ ይዞ መጣ። «ሐጂ፣ ይዘውት ነው እንዴ?»

«ወላሂ ልጄ፣ በየሰዓቱ እጠበኝ ብዬ ላድክምህ?»

«አሥር ጊዜም ቢሆን አጥብዎታለሁ። ይልቀቁት።»

ደግፎ አቆማቸው። አልጋውን አንዴ ዞሩ። ተኩስ ተከፈተ። መጀመሪያ አጭር፣ ቀጥሎ ረጅም። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ጎድኔን ይዤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። በተኩስ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «አቦ፣ አታስቁኝ፤ ስፌቱ ይፈታል።»

ደረጀ ተንበርክኮ እግራቸውን አጠበ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሐጂ የከሰዓቱን ሶላት፣ አሱርን፣ ሰገዱ። ሐኪሙም መጥቶ ሆዳቸውን ዳሰሰና ዳግም መከፈቱ ቀረ።

ግንባር ሳለን፣ ሲመሽ ሰው እንቆጥር ነበር። ስም ተጠርቶ መልስ የጠፋባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው፤ ዛሬም አልረሳኋቸውም። ያን ምሽት እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። አራት አልጋ፣ አራት ሰው። ሐጂ ያንኮራፋሉ። ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።