ግምቱ የቆመበት ስም

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ትሁን የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ ከቡሬ ካምፓስ መጣች። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር አጎት ያላት ሰው ምን ታድርግ! ሥራዋ ከብዙ ባዶ መካከል የተሸሸጉ ጥቂት ምልክቶችን በጥቂት ልኬት ስለ ማግኘት ነው። ኮምፒዩተሩ ይገምታል፤ ደካማውን ዜሮ ያደርግና እንደገና ይገምታል።

«ግምቱ መንቀሳቀስ ሲያቆም ደረስን ማለት ነው፣ አጎቴ» አለችኝ።

መነጽሬን አወለቅሁ። ይህን ሥራ እኔ ያለ ኮምፒዩተር ሠርቼዋለሁ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ማስተማር በጀመርሁ በመንፈቄ፣ ለጥር ዕረፍት ጅጋ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ወረድሁ። አውድማ ላይ ክራቫት አስሬ የምንጎራደድ ጉድ ነበርሁ፤ በሬዎቹ ሳይቀሩ ይደነብሩብኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ባል የሞተባቸው የእትዬ ጥሩዬ የጤፍ ክምር ነደደ። መንገዱ ሁሉ ያረረ ቆሎ ይሸት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰዉን ሾላው ሥር ሰብስበው አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ አጥፊው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። እህሉ ሳይወቃ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ብድግ አልሁ። «የምትጠረጥሩትን በየተራ በጆሮዬ ሹክ በሉኝ። ጥቂት ሰው የጠራውን ስም እሰርዛለሁ፤ የቀሩትን አነባለሁ፤ ደግማችሁ ትነግሩኛላችሁ። አንድ ስም ላይ እስኪረጋ።»

«አንተ አስኳላ፣ ይሄ ነገርህ ሰው አይበላም?» አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ደምሌ።

«ቁጥር አያዳላም፣ አባቴ» አልኋቸው። ክራቫቴንም ሳላስተካክል አልቀረሁም።

የሸማኔው የባዬ ተራ ደረሰ። ብር ወንዝ ውስጥ ዋና ያስተማረኝ አብሮ አደጌ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከማኅበር የማይቀላቀል።

«ማንም» አለኝ።

«ስም ጥራ እንጂ!»

«ማንም አላቃጠለውም ይሆናላ። ምን አይቼ የሰው ስም ልጥራ?»

«ዘዴው ስም ይፈልጋል፣ ባዬ። ባዶ አይቀበልም።» አለፍሁት።

በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ ስም ወጣ። ጮክ ብዬ ሳነብ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በሁለተኛው አራት ቀሩ፣ በሦስተኛው ሁለት። በአራተኛው ከራሱ ከባዬ በቀር ሁሉም «ባዬ» አለ፤ በአምስተኛውም እንዲሁ። ግምቱ ቆመ። እሳቱን ያየ አንድም ሰው የለም፤ እኔ ያነበብሁት ስም ግን ለሁሉም ምስክር ሆነ። እኔም አመንሁ።

በማግስቱ ባዬ ሸማውን ጠቅልሎ በቡሬ በኩል የነቀምትን መንገድ ያዘ።

ለፋሲካ ስመለስ እትዬ ጥሩዬ እያለቀሱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ማንም አልለኰሰውም። ያን ጊዜ ቀፎ ያጠንሁበትን ኩበት ጠፍቷል ብዬ ክምሩ ጥግ ጥዬው ነበር። ትናንት እንደዚያው የጣልሁት በነፋስ ሲቀጣጠል አየሁ።»

ቡሬ ሄጄ በየሸማኔው ቤት ጠየቅሁ። ባዬን ያየ የለም።

ይህን ለትሁን ነገርኋት። «ታዲያ ዘዴው ነው የተሳሳተው?» አለች።

«ዘዴውማ ደርሷል፣ የኔ ልጅ። አርባ ሰው የጠየቅሁ መስሎኝ፣ አንድ ወሬ አርባ ጊዜ ነው የሰማሁት።»

ሠላሳ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ። ትክክል መልሶልኝ ሳለ የጣልሁት፣ እስከማውቀው፣ ባዬን ብቻ ነው። እሱም ውጤቱን ሊጠይቀኝ አልመጣም።