ማሽኑን ያሳየሁበት ቀን

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ወሎ ሰፈር አካባቢ፣ የተወረሰ የመለዋወጫ ወርክሾፕ ውስጥ እሠራ ነበር። ዛሬም በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ አዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያስቀጠሩኝ አጎቴ ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። እሳቸው ቶርኖ ላይ ብረት ይቀርጻሉ፤ ልጃቸው ተፈራ ትራፓኖ ላይ ቆሞ ይበሳል፤ ሌሎች ሁለት ወጣቶች ብረቱ ላይ ጥርስ ያወጣሉ፣ ይሞርዳሉ። አንድ የፓምፕ ዘንግ በአራቱ እጅ ዞሮ ለማለቅ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

አንድ ቀን ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር አዲስ ማሽን መጣ። ብረቱን አንዴ ካጎረሱት ራሱ ይቀርጻል፣ ይበሳል፣ ጥርስ ያወጣል። መመሪያው በማናውቀው ቋንቋ ስለሆነ ሁሉም ሸሸው። እኔ ግን ሥዕሉን እያየሁ፣ በምሳ ሰዓት እየነካካሁ ለመድኩት። ተፈራ፣ "ምን ቀረሽ፣ ሽማግሌ ልከሽ አግቢው!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የወርክሾፑ ካድሬ ኃላፊዎችን ይዞ ሊያይ የመጣ ዕለት ማሽኑ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደሳለኝ በጀርባዬ መጥተው፣ "አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ። አንድ ሁለቱን አበላሺ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ቀኑብኝ አልኩ በሆዴ። እልህ ያዘኝና ሻይ ተቀድቶ ሳይበርድ ያለቀለትን ዘንግ አወጣሁ። ተጨበጨበልኝ።

ካድሬው ሰዓቱን አየና፣ "ጎበዝ ጓድ! እንግዲህ ሦስት ወጣት ተረፈን" አለ።

ዞር ስል የአጎቴ ፊት አመድ መስሏል።

በሳምንቱ፣ ከሥራ የተረፈ ወጣት ይሰጥ የሚል የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ለካ ጋሽ ደሳለኝ ወሬውን ቀድመው ሰምተዋል፤ ሰው ባለበት አፍ አውጥተው ሊነግሩኝ አልቻሉም። ዝርዝሩ ላይ የሦስቱም ስም አለ። ተፈራ መኪናው ላይ ሲወጣ፣ "ባልሽን አደራ!" አለኝ፤ ማሽኑን ማለቱ ነው። አልተመለሰም።

ማሽኑም ዓመት ሳይሞላው አንዲት ዕቃ ተሰብራበት ቆመ። እኛ መለዋወጫ ሠሪዎቹ ለእሱ መለዋወጫ መሥራት አቃተን። እሱ ሲቆም የአራት ሰው ሥራ አብሮ ቆመ። ትራፓኖው ላይ የሚቆም ሰው ስለጠፋ እኔን መደቡኝ።

ሰው "አንቺ ምን ታውቂ ነበር" ይለኛል። እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። ጭብጨባውን ግን ወድጄዋለሁ፤ እሱን ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ተፈራ ረጅም ስለነበር፣ በእሱ ቁመት ልክ የተተከለው የትራፓኖው እጀታ ራቀኝ። ጋሽ ደሳለኝ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። እጀታው ላይ ለመድረስ ስንጠራራ አዩኝና በማግስቱ ጠዋት፣ አዲሱ ማሽን ከመጣበት ሳጥን ጣውላ መቆሚያ ሠርተው አመጡ። እግሬ ሥር አስቀመጡት፣ እንዳይነቃነቅ ረገጥ ረገጥ አደረጉትና ወደ ቶርኗቸው ተመለሱ።