ሚስተር ታንስሊ ያለ ጢማቸው

ሚስተር ኦርቪል ታንስሊ ጋወር መንገድ ላይ ባለው የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ ለብዙ ዓመት ኖረዋል። እኔ በፊልም ማምረቻው የልብስ ክፍል ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ እሳቸው የሚኖሩት በጢማቸው ነበር። እስከ ደረት የሚወርድ፣ ነጭ፣ የራሳቸው ጢም። የሚለጠፈው ጢም መብራት ሲበረታበት ሙጫው ያብለጨልጫል፤ ስለዚህ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ይፈለጉ ነበር። በፊልም ውስጥ ዳኛ ሆነዋል፣ ወርቅ ቆፋሪ ሆነዋል፣ ነቢይም ሆነዋል። አንድ ነገር ተናግረው ይወጣሉ፤ አለዚያም ዋናው ተዋናይ ሲያለቅስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም ብለው ይቆማሉ። እኔ ከአልቃሹ ይልቅ እሳቸውን ሳይ ነበር ዕንባዬ የሚመጣው። ስማቸውን ግን የሚጠራ አልነበረም። «ጢሞ ይግባ» ይባላል፤ እሳቸውም ይገባሉ።

ማታ ኮሪደሩ ላይ፣ ከስልኩ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ሥራ የሚገኘው በዚያ ስልክ ነው። እራት ስጋብዛቸው፣ ድንገት ቢደውሉስ ብለው እንቢ ስለሚሉ፣ ሾርባውን ወንበራቸው ድረስ አመጣላቸዋለሁ።

አንድ የጸደይ ወቅት፣ ነብራስካ በሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር ያለችው ልጃቸው ሎርና ልትጠይቃቸው እንደምትመጣ አስታወቀች። ጥለዋት ሲመጡ ገና ሕፃን ነበረች። ሚስተር ታንስሊን ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታውቀኛለች ወይ?

በምትመጣበት ቀን ጠዋት በራቸውን ሳንኳኳ የማላውቀው ሰው ከፈተልኝና ይቅርታ ጠየቅሁ። ተላጭተው ነበር። አገጫቸው ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ እንደ ሕፃን የገረጣ ነው።

«እንጀራዎን እኮ ነው የላጩት» አልኳቸው።

«እሷ የምታውቀው አባት ጢም የለውም፣ ሚስ ዊና።»

ብቻቸውን መሄድ ስለፈሩ አብሬያቸው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ሎርና አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ ወረደች። ዐይኖቿ አንዱን ሰው ከሌላው እየዘለሉ እኛንም አለፉን። ሚስተር ታንስሊ እጃቸውን እስከ ግማሽ አነሱና መልሰው አወረዱት። መንገደኛው ሲሳሳ ወደ እኔ መጣች።

«ይቅርታ እትዬ፣ አንድ ጢማም ሽማግሌ አላዩም? አባቴ ናቸው፤ ሲኒማ ይሠራሉ።» እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የጢሙን ርዝመት አሳየችኝ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ግን «እኚህ ናቸው» አልኳት።

ቆማ አየቻቸው። የልጅነቷን አባት ፊት ፈጽሞ አታስታውሰውም ነበር። ፊልማቸው ከተማዋ በመጣ ቁጥር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ያ ጢማሙ አባቴ ነው እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ እንዳደገች በዝግታ ነገረችን። ከዚያ ነጭ ስካርፏን ከአንገቷ ፈታችና ከአፍንጫቸው በታች ያዘችው። ዐይናቸውን ብቻ አየች።

«አሁን አወቅሁህ፣ አባባ» አለቻቸው።

ስካርፉን ስታወርደው ግን ፊቷ እንደገና የእንግዳ ፊት ሆነ።

ጥቂት ቀን ሰነበተች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ማዕድ ላይ ሥጋ ትቆርጥላቸው፣ ሸሚዛቸውን ትተኩስላቸው ነበር። ስታወራቸው ከዐይናቸው ዝቅ ብላ አታይም።

በሄደች በሳምንቱ ስልኩ ጮኸ። ዳኛ ተፈልጎ ነው። «ገና አልበቀለም» አሉና ዘጉት። ሾርባ ይዤ ከክፍሌ ስወጣ ከስልኩ በላይ ካለው መስተዋት ፊት ቆመው ነበር። መዳፋቸውን ከአፍንጫቸው በታች አድርገው የገዛ ዐይናቸውን ያያሉ። አላዩኝም። ሾርባውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ በሬን ድምፅ ሳላሰማ ዘጋሁ።