የቱርክ ነው የተባለው መጠቅለያ

ሰው ስራዬን ሲያይ መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሚያየው። ከጀርባው ቋጠሮ ይፈልጋል። ሲያጣ «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል፣ ቀጥሎ ዋጋ ይጠይቃል። ዋጋውን ስነግረው ምርቃቱን መልሶ መውሰድ የፈለገ ይመስል ፊቱ ይጠቁራል። መቀሌ ውስጥ ዳንቴልና የሕፃን ሹራብ በእጄ እየሰራሁ ስሸጥ ስንት ዓመቴ! አንድም ቀን ከዚህ የተለየ አላየሁም።

«ቁጭ ብለሽ የምትሰሪው አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ይህቺን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልብስ ሰፊውም ቁጭ ብሎ ነው የሚሰፋው። ባንክ ቤት ያለችውም ቁጭ ብላ ነው የምትውለው። ዋጋ የሚያስቀንሰው የእኔ መቀመጥ ብቻ ነው። «እናቴም ትሰራው ነበር» የሚሉም አሉ። እናታቸው ለቤቷ ሶፋ የሰራችውን ማንም አልከፈላትምና እኔም በዚያው ሒሳብ እንድሄድ ይፈልጋሉ።

ባለቤቴ መምህር ነው፤ ነገር በስሌት ካልሆነ አይዋጥለትም። «በሰዓት አስቢው» አለኝ አንድ ቀን። የሕፃን መጠቅለያ ስሰራ የሚፈጅብኝን ጊዜ ጠየቀኝና በቀን ሰራተኛ ክፍያ አባዛው። የወጣው ገንዘብ ክሩን ሳይጨምር ደህና በግ ይገዛል። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ስቆ ወጣ፣ እኔ ግን ኪሮሼን ይዤ ቀረሁና ሳቁ አልጥም አለኝ። አፈር ለሚዝቅ ሰው የሚገባው ክፍያ ለእኔ ሲሆን ምኑ ነው የሚያስቀው?

ደመወዙ በቆመበት፣ ባንኩ በተዘጋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ቤቱን የያዝኩት በዚህችው ኪሮሽ ነው። ክር ከገበያ ሲጠፋ የራሳችንን ሹራብ ተርትሬ፣ ክሩን አጥቤ፣ በወንበር እግር ላይ ጠምጥሜ አድርቄ ለሰው ልጅ ሰርቻለሁ። በዱቄትም በዘይትም ለውጫለሁ። ያኔ ዋጋ መጥራት ነውር ነበር፤ ያልጎደለበት ሰው አልነበረም። ጊዜው ሲሻል ግን ዳቦው ጨመረ፣ የቤት ኪራዩ ጨመረ፣ ክሩም ራሱ ጨመረ፣ የእኔ እጅ እዚያው ቀረ። አንዲት ሴት፣ አንዴ ብቻ፣ የጠራሁትን ዋጋ ሳታስቀንስ ብትከፍለኝ ብዬ ተመኘሁ። የምመኘው ብሩን ብቻ አልነበረም። ይሄ ስራ ነው፣ ሰራተኛዋም አንቺ ነሽ እንድትለኝ ነበር።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እዚህ የመጣሁት በትዳር ነው። እንደ እኔው ከደሴ የመጣች ሙስሊም ጓደኛ አለችኝ፣ ገበያው ዳር የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ጥግ ላይ የምቀመጥበት ዱካ ሰጥታኝ እዚያ እየሰራሁ እውላለሁ። አንድ ቀን ነጩን መጠቅለያዬን ከእጄ ወሰደችና በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ከትታ ከቱርክ ከመጡት ልብሶች መሀል ሰቀለችው።

«አንቺ ከምትጠሪው እጥፉን ነው የምለው» አለችኝ።

«ማን ይገዛዋል?»

«እህቴ፣ እኔ ሰራሁት እያልሽ እኮ ነው የምታረክሺው። አብሽሪ፣ ዝም ብቻ በይ።»

ብዙም ሳይቆይ እህቷ የወለደችላት አንዲት ሴት ከቁሓ መጣች። መጠቅለያውን አይታ «ሓፍተይ፣ ይሄስ ክንደይ እዩ?» አለች። ጓደኛዬ «የቱርክ ነው» ብላ ዋጋውን ጠራች። ሴትዮዋ ከላስቲኩ አውጥታ ገለበጠችው፣ ቋጠሮ ፈለገች፣ አጣች። «ዋይ! እጅ ማለት እንደዚህ ነው» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። አንዲት ቃል አልተከራከረችም። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ነገር ፊቴ ሆነ፣ እኔ ግን የሌለሁበት ሆኖ ነው።

ብሩን እንደያዘች ጥጉ ላይ እኔን አየች። «አንቺም ትሰሪያለሽ እንዴ?»

«እሞክራለሁ» አልኳት።

«በይ እዪው፣ ከዚህ ተማሪ» አለችና የመጠቅለያውን ጠርዝ ዘርግታ አሳየችኝ። ሲጣመምብኝ ተርትሬ እንደገና የሰራሁት ጠርዝ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ማልቀስም መሳደብም አምሮኝ ነበር፣ ጓደኛዬ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። የኔ ነው ብል ዋጋው እዚያው እንደሚወርድ ሁለታችንም እናውቃለን። «ያምራል» አልኳት።

ሴትዮዋ ከፈለች። ከዚያ ለመጠቅለያው የሚሄድ ኮፍያ እንድሰራላት ጠየቀችኝ። ክሩ ከዚያው ጥቅል የተረፈ ነበረኝ። ዋጋ ነገርኳት፣ የለመድኩትን ዋጋ፣ እጥፍ እንኳ አይደለም።

ሳቀች። «ኣየ! አንቺ ደግሞ ቱርክ ሆንሽ እንዴ?»

ግማሹን ቆርጣ ጠራች። እውነቱን ብነግራት የከፈለችውን መልሱልኝ ማለቷ አይቀርም። እሺ አልኳት።

ኮፍያውን ልትወስድ ስትመጣ መጠቅለያውንም ይዛ ነው የመጣችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳም አየች። ከዚያ እንዳዘነችልኝ ያስታውቅ ነበር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ይመሳሰላል፣ ጎበዝ ነሽ። የቱርኮቹ እጅ ግን ሌላ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

ለዚህም ብላ ከተስማማነው ላይ ትንሽ ቀነሰች። ተቀበልኳት።