ልጄን ከሕዋስ ላስወጣ አራት ኪሎ የሄድኩ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰፈሬ ከእሪ በከንቱ አራት ኪሎ ድረስ የሄድኩት ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጄን ምሕረትን ከሕዋስ ለማስወጣት ነበር። መንገዱ አጭር ነው፤ ለኔ ግን ረዘመብኝ።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሕዋስ የሚለውን ቃል የሰማሁትም ከእናቴ እንጂ ከአስተማሪ አይደለም። በእሷ ዘመን ሕዋስ ማለት ተደብቀው ለፖለቲካ የሚሰበሰቡ ልጆች ነበሩ። ወንድሟ ለሕዋስ ስብሰባ እንደወጣ አልተመለሰም።

ያን ቀን ጠዋት ምሕረት ጫማዋን እያሰረች በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ሕዋሱ ሲታፈን ዝም አይልም፤ መልእክተኛ ልኮ ሌሎቹን ያነቃል። አራት ሰዓት ግቢ እንገናኝ» አለች። ከዚያ ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

ሦስት ሰዓት፣ ጊዮርጊስ

ነጠላዬን ለብሼ ዳገቱን ወጣሁ። ሁለት ቦታ ቆሜ ተነፈስኩ። ጊዮርጊስ ደጅ ተሳልሜ «ልጄን ብቻ በደህና መልስልኝ» አልኩና ወደ ፒያሳ ወረድኩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ንጣፉ ያበራል። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አየው ነበር።

ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ገልመጥ አድርጎ አየኝ።

«ማዘር፣ ማን እያባረረዎት ነው?»

«ልጄ ሕዋስ ውስጥ ገብታብኝ ነው።»

«አይዞዎት፣ የኔዋ ቲክቶክ ውስጥ ገብታለች። እስቲ ከዚያ ማን ያወጣታል?»

አስር ብሬን ሰጥቼ ሳልስቅ ወረድኩ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

አራት ሰዓት፣ አራት ኪሎ

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ የምትፈትሸው ሴት ቦርሳዬን ከፈተች። ለምሕረት የያዝኩላት ሹራብ፣ ዳቦና ጠበል ነበር። ጠጋ ብዬ «የሕዋስ ስብሰባው የት ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

እሷ ግን ጮክ ብላ «ባዮሎጂ ነዋ! ሁለተኛ ፎቅ፣ በግራ» አለችኝ።

ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። ልጄ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ መምህራኖቿ ፊት የመመረቂያ ጥናቷን እያቀረበች ነው። ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ስዕል አለ። ሕዋስ የምትለው ሰውነታችን የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነገሮች ኖሯል።

«ሕዋስ መልእክተኛ የሆነ ፕሮቲን ሁልጊዜ ይሠራል» አለች። «ኦክስጅን ሲበቃው ወዲያው ያፈርሰዋል። ኦክስጅን ሲያንሰው ግን ፕሮቲኑ ሳይፈርስ ይጠራቀምና ማንቂያ ይሆናል። ያኔ ኩላሊት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲመረቱ ያዛል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችም ይበቅላሉ።»

ወንበር ጎትቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሽበታም መምህር ዞር ብለው «እናት፣ ጥያቄ አለዎት?» አሉኝ። ምሕረት ያኔ ነው ያየችኝ።

«የሚያፈርሰው ከሆነ ሁልጊዜ ለምን ይሠራዋል?» አልኩ።

መምህሩ «መልሺላቸው» አሏት።

«አየር ካጠረው በኋላ ልሥራ ቢል ስለሚዘገይ ነው። እንዳይቀደም ብሎ ነው፣ እማዬ።»

ጥናቷ ማለፉ ሲነገር እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ሰዓት፣ መመለሻ

ፒያሳ ኬክ ገዝተን በላን። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ሳቋ ክሬሙን አፍንጫዋ ላይ ለጠፈው።

«ዛሬ እንደምታቀርቢ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ስትጨነቂ እኔም ስለምጨነቅ ነዋ።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ስጋትን በየቀኑ መሥራት ጥፋት እንዳልሆነ ነው። ጥፋቱ ልጅ በደህና ስትገባ አለማፍረሱ ነው። ሰፈር ስንደርስ ምሕረት ቁልፉን አዞረች። እኔም የዕለቱን ስጋቴን እዚያው ደጃፉ ላይ አፈረስኩት።