ወንድሙን ጎረቤት ያደረገው ማመልከቻ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ እዚህ ወሎ፣ መካነ ሰላም፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ሳርም የኖርኩ ሰው በሰው ፊት የታረምኩበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያገኘሁት ያረጁ ጋዜጦችና ደብዳቤዎች በማንበብ ነው። ሳይለፉበት የሚገኝ እውቀት አልወድም።

በዚያ ሰሞን አለቃችን ሠራተኛው ሁሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራት እንዲለምድ አሳሰቡ። አሠልጣኟ ልጄ ስንዱ ሆነች፤ ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ተቀጥራለች። ሌሎቹ በደስታ ሞከሩት። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፋይል እያገላበጥኩ ጀርባዬን ሰጠኋት።

በአራተኛው ቀን ሁለት ወንድማማቾች ከገጠር መጡ፤ አሊ ገብረ ማርያምና ተስፋዬ ገብረ ማርያም። አባታቸው ክርስቲያን፣ እናታቸው ሙስሊም ነበሩ። አሊ የእናቱን፣ ተስፋዬ የአባቱን ሃይማኖት ይዘዋል። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። የሟች አባታቸው መሬት በሁለቱም ስም እንዲዞር ማመልከት ፈልገዋል። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ካመለጣቸው እስከ መኸር መጠበቃቸው ነው።

ስንዱ ሠራተኛው እያየ የነገሯትን ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በአጭሩ ጻፈችለት። ወዲያው አንድ ገጽ ማመልከቻ አወጣ። አማርኛው ያማረ ስለነበር ተጨበጨበላት።

እኔ ባለጉዳዩ ሳይሰማው ወረቀት አላስፈርምም። ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ተስፋዬን «የሟች ልጅ»፣ አሊን «መሬቱን አብሮ የሚያርስ ጎረቤት» ይላል።

አሊ ሳቀ። «ወላሂ ተስፋዬ፣ አንድ ጡት ጠብተን ጎረቤት ሆንን?»

«እኔስ ድሮም ጠርጥሬሃለሁ» አለ ታናሹ ተስፋዬ። «እንዳንተ የሚበላ ዘመድ የለኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «ይኸውላችሁ አስተማሪያችሁ!» አልኩ። «ወንድምን ከጎረቤት አይለይም። ልጄም ሳታነብ ታስጨበጭባለች።»

የስንዱ ፊት ቀላ። ግን ክፉ ቃል አልመለሰችልኝም። ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ። አሊና ተስፋዬ ብቻ ብዬ ጻፍኩለት እንጂ ወንድማማች መሆናቸውን አልነገርኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ እርስዎ የሚያውቁትን አያውቅም። ይንገሩት።»

በአንድ ጣት እየለቀምኩ ጻፍኩለት፦ ሁለቱ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ በወሎ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ይኖራል። ስሳሳት ስንዱ እጄን ይዛ «ይህችን ይጫኑ» ትለኛለች። ደግሜ ስሳሳትም ደግማ ታሳየኛለች። አንድም ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አላለም። ማመልከቻው ተቃንቶ ወጣ፤ አንብቤላቸው ፈረሙ፤ ለኮሚቴውም ደረሱ።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ስንዱ አምስት ዓመቷ ሳለ በራፋችን ላይ ተቀምጠን ከጋዜጣ ፊደል አስቆጥራት ነበር። በሳተች ቁጥር በአርጩሜ እላታለሁ። ያን ጊዜ ጎበዝ አባት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከሥራ ወጥተን ስንሄድ፣ «ልጄ፣ ያኔ ፊደል ሳስቆጥርሽ ከፍቶሽ ነበር?» አልኳት።

«ፊደሉንም አልረሳሁት አባባ፣ አርጩሜውንም አልረሳሁት» አለችኝ።

ዛሬ ደብዳቤ በዚያ መሣሪያ አስረቅቃለሁ፤ ለባለጉዳዩም ሳላነብ አላስፈርምም። ለወጣት ወላጆች ግን የምመክረው ስለ መሣሪያው አይደለም፤ ልጅ በፍርሃት የተማረው ከነፍርሃቱ ይቀመጣል እላቸዋለሁ። ያቺ በጋዜጣው ላይ ጣቷን እያስኬደች የምትቆጥር ሕፃን ትናፍቀኛለች። ዳግም ባገኛት፣ ስትሳሳት እጇን ይዤ «ይህችን» እላት ነበር።