ባለጓንቷ ቅቤ ሻጭ

ሮቤ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ሴትዮ ጓንቷን አታወልቅም። ለጠየቃት ሁሉ «የፈላ ውሃ አቃጥሎኝ ነው» ትላለች። ከጓንቱ ስር ግን ጥፍሮቿ ወፍረው ቢጫ ሆነዋል። ጎባ የኤችአይቪ መድኃኒቷን የምትሰጣት ነርስ «ፈንገስ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይድናል» ብላታለች። ይህን የምታውቀው አብራት የምትሸጠው ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች፤ ለማንም ላትናገር በማርያም ምላላታለች።

ዛሬ እህቲቱ መደቧን ለይታ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ጓንት ያላጠለቀ እጇን ለገበያተኛው እየዘረጋች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም «ኮታ፣ ኑ እናቶች! ጥፍሬን አይታችሁ ግዙ፤ እኔ የምደብቀው የለኝም!» ትላለች። ደንበኞቹ ጓንቱን ሰረቅ አድርገው እያዩ ወደዚያ ይሻገራሉ።

ባለጓንቷ ቀና ብላ እነዚያን የእህቷን ጥፍሮች አየቻቸው። ልጅ ሳሉ፣ እንዳይደማባት እየሳሳች በምላጭ የምትቆርጥላት እሷ ነበረች።